ለቤቱ ባለቤት ያላት ዝምድና

«አሥራ አራት» አሉኝ መነኩሲቷ።

የጠየቅኋቸው ዕድሜያቸውን ነበር። ወገባቸው ጎብጧል፤ በሁለት እጃቸው ምርኩዝ ይዘዋል፤ የፊታቸው ሽብሽብ ተቆጥሮ አያልቅም። እኔም ጎንበስ ብዬ ጻፍሁ፦ አሥራ አራት። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ስለ ጋብቻ ነበር። «ባሌ ሞቶብኛል» አሉ። እሱንም ጻፍሁ።

አሁን ሳወራው ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ሥልጠናው ላይ «የተነገራችሁን ጻፉ፣ ከሕዝብ ጋር እሰጥ አገባ አትግጠሙ» ተብለናል፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሕግ ከተባለ ወዲያ ወዲህ የማልል ግትር ነበርሁ። ቢቸና ከተማ የመንግሥት አስተማሪ ነኝ፤ ዘመኑ የደርግ ነው። የሕዝብ ቆጠራው ሲመጣ አስተማሪዎችን እርሳስና ላጲስ አስይዘው ቆጣሪ አደረጉን። ለኔ የደረሰኝ ከከተማው ጥግ የሚጀምር አንድ የገበሬ ማኅበር ነው። ሁለተኛዋ መነኩሲት «ሰባት» አሉኝ። ሦስተኛዋ «ገና ሦስት ዓመቴ ነው ልጄ፣ መች ጸናሁ» አሉኝ። እዚህ ላይ ልባም ሰው ቢሆን ይነቃ ነበር። እኔ ሦስት ብዬ ጻፍሁ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ተቆጣጣሪያችን ወረቀቱን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። «ይቺ ስምንት ወልዳ አምስት የቀበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ቤት የምታስተዳድር የሦስት ዓመት ሕፃን የት ነው ያገኘሻት?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ የሞጣ ቄስ ልጅ ነኝ፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። መነኩሴ ዕድሜውን የሚቆጥረው ቆብ ከደፋበት ቀን ጀምሮ ነው። ሲመነኩስ ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎት ይደረግለታል፤ ዓለማዊው ሰው በዚያ ቀን ተገንዞ ተቀብሯል ማለት ነው። አባቴ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። እርሳስና ወረቀት ስይዝ ግን የአባቴ ልጅ መሆኔን ረስቼ የመንግሥት ብቻ ሆንሁ።

ተመልሼ ሄድሁ። «እማሆይ፣ የዚያችኛዋን ዕድሜ ልጠይቅዎት ነበር» አልኋቸው የመጀመሪያዋን።

«የማንኛዋን?»

«ከቆቡ በፊት የነበረችውን።»

«እሷማ ሞታለች እኮ! መንግሥት ደግሞ ሙት መቁጠር ጀመረ?»

ከዚህ ጉድ ያወጡኝ አብሬያቸው የምኖረው እማሆይ ናቸው። እሳቸውም ቆብ የደፉ፣ ግን ገዳም ሳይገቡ በቤታቸው የሚኖሩ መነኩሲት ነበሩ። «ዕድሜ ብለሽ አትጠይቂያቸው» አሉኝ። «ጣሊያን ሲገባ አግብተው ነበር ወይስ ገና ልጃገረድ ነበሩ በያቸው። ስለ ሰርጋቸው ማውራት የማይወድ መነኩሴ የለም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።» እውነታቸውን ነበር። አንዷን ስለ ሰርጋቸው ጠይቄ የሚዜዎቻቸውን ዘፈን እስከ ምሳ ሰዓት አዳመጥሁ።

ቅጹ ላይ ለአንድ ቤት ብዙ መስመር ነበረው። በዚያ ሰፈር ግን አንዱን ወይም ሁለቱን እሞላና የቀረውን በሰያፍ እሰርዛለሁ። እርሳሴ ያለቀው በመጻፍ ሳይሆን በመሰረዝ ነው። ልጆቹስ ስላቸው መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ «ወጡ።» ከቢቸና ደጀን ሩቅ አይደለም። ደጀን ደግሞ ከባድ መኪና የሚያድርባት ከተማ ናት፤ ከደጀን ወዲያ የዓባይ ድልድይ አለ፣ ከድልድዩ ወዲያ አዲስ አበባ። አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለቅኔ፣ አንዷ ለሰው ቤት ሥራ፣ አንዱ ለውትድርና እያሉ ሁሉም በዚያች መንገድ ፈሰዋል። አገሩን በሙሉ ቆጥሬ አይደለም፤ ሌላው ቦታ እንዴት እንደነበር አላውቅም። የኔ ሰፈር ግን እንዲህ ነበር።

ቋንቋው ራሱ አርጅቶ ነበር ብል ይሻላል። አንድ ቀን ውሻ ሲያስቸግረኝ አንዲት ባልቴት ከደጃቸው ሆነው «ቆይ፣ ልጁ መጥቶ ይያዝልሽ» ብለው ተጣሩ። ቆምሁ። ከጓሮ ብቅ ያለው «ልጁ» ጢሙ እንደ ባዘቶ የነጣ፣ እያነከሰ የሚሄድ ሰው ነው። ውሻውን በደንብ ያዘልኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነበር፤ የወጣቶች ማኅበሩም ሰብሳቢ እሱው ነው። «ምን ላድርግ አስተማሪዋ፣ ሌላ ተመራጭ ጠፋ» ይለኛል ራሰ በራውን እያሻሸ። ቤት ለቤት እየመራ የሚያዞረኝ እሱ ስለነበረ ብዙ ስቀናል።

እማሆይ ዘንድ የገባሁት ቢቸና በተመደብሁበት ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱ ቤት አልነበረውም፤ አንድ ዘበኛ «አንዲት ብቸኛ መነኩሲት አሉ» ብሎ ወሰደኝ። እማሆይ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ታንኮራፊያለሽ?» አሉኝ። አላንኮራፋም አልሁ። «እኔ አንኮራፋለሁ፤ ከቻልሽ ግቢ» አሉ። በዚያ ገባሁ። ሦስት ወልደው ሦስቱንም በሕፃንነታቸው ቀብረዋል፤ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ነገራቸው ሁሉ ሰምና ወርቅ ነው፤ ወርቁ የሚገባኝ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ከደረስሁ በኋላ ነበር። ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያስተማርኋቸውም እኔው። ክፍል ውስጥ እንደ ሕፃን ይረብሹ ነበር። ጎረቤታቸውን ባልቴት በክርናቸው እየጎሸሙ «ሀ ግዕዝን ትተሽ ምን ታዪያለሽ» ይሉና ራሳቸው ይስቃሉ። በስድስት ወር ዳዊቱን ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያ ባገኙት ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን፣ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። እወዳቸው ነበር። ይህን በጊዜው ብነግራቸው ምን ነበረበት?

ያላቸው ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር ያህል፣ የጤፍ መሬት ነበር። መሬቱን የሚያርስላቸው ማኅበሩ ነው። ጧሪ የሌላቸው ሽማግሎችና ባልቴቶች ስማቸው በአንድ ዝርዝር ይያዛል፣ ክረምቱ ሲገባ አባላቱ በደቦ ያርሱላቸዋል። ሕጉ ደግሞ ሌላ ጎን አለው፦ ሳይታረስ ጦሙን ያደረ መሬት ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ እማሆይ ከዚያ ዝርዝር ወጡ ማለት መሬታቸው ሄደ ማለት ነው፤ መሬታቸው ከሄደ ደብረ ወርቅ ወይም መርጡለ ማርያም ወርደው በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ምጽዋት መቀበል ነው የሚቀራቸው። እንዲህ የሆኑ ጓደኞች ነበሯቸው። «እኔ ቤቴን ካስለቀቁኝ እሞታለሁ፣ ሁለተኛ ልሞት ነው እንግዲህ» ይሉ ነበር።

የኛ ቤት ተራ ሲደርስ ወግ ይዤ ቆጠርሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ፤ ሊቀመንበሩ መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ የቀረበለትን ቆሎ ይቆረጥማል።

«የቤቱ ኃላፊ ማን ነው?» አልሁ ልክ እንደማላውቃቸው።

«እግዚአብሔር።»

«ከእሱ ቀጥሎ።»

«ከእሱ ቀጥሎማ እኔ ነኝ።»

ጾታ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፤ ሁሉንም በሥርዓቱ ጠየቅሁ፣ እሳቸውም እየተቆነኑ መለሱ። «ሌላስ ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረ ሰው አለ?» ስላቸው ሳቁ። «አንቺ የት አድረሽ ኖሯል? ይህ ነገር እንዳይሰማ!» አሉ። ሊቀመንበሩን ቆሎው ትን አለው።

ስለዚህ የራሴን ስም በሁለተኛው መስመር ጻፍሁ። ቀጥሎ ያለውን ዓምድ እንደ ሕጉ ጮክ ብዬ አነበብሁ፦ «ለቤቱ ባለቤት ያላት ዝምድና።» እርሳሴ የመጨረሻው ምርጫ ላይ ደርሷል።

«ምን ምን አለበት? አንብቢልኝ እስቲ» አሉ።

«ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ሌላ ዘመድ፣ ዝምድና የሌለው።»

ቆባቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው «ዝምድና የሌለው ሰው ቤቴ አድሮ አያውቅም» አሉ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቆጣሪዋ አንቺ። የምታውቂውን ጻፊ።»

ያቺ ሕግ አጥባቂ፣ ያቺ የሦስት ዓመት ባልቴት ጽፋ የተሰደበች አስተማሪ እጇ ዝም ብሎ ሄደ። «ልጅ» ብዬ ጻፍሁ፤ የጻፍሁትንም ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። እማሆይ ተነሥተው ሊቀመንበሩ እምቢ እያለ ሁለተኛ ቆሎ ዘገኑለት። በዚያ ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

የኔን ሰፈር እንደጨረስሁ ሞጣ ላይ አንድ ቆጣሪ ወባ ጥሎት ነበርና «አገርሽ ነው፣ ድረሺለት» ብለው ላኩኝ። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን አልፎ አቧራውን እያጨሰ ወደ ሰሜን ሲሄድ ልቤ ፈነደቀ። ማንም ሰው ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ እንደሚሆነው ነው።

ሞጣ ሌላ ዓለም ናት። ቅጹ አልበቃ አለኝ። ያ ቢቸና ላይ ስሰርዘው የከረምሁት መስመር እዚህ ሞልቶ ሁለተኛ ወረቀት መቀጠል ነው። ሴትዮዋ ልጆቿን ትጠራልኛለች፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ከዚያ «ቆይ ቆይ፣ አንዱን ረሳሁት» ትላለች፣ የተረሳውም ከአልጋ ሥር «እኔ ነኝ!» ይላል። የተቆጠሩት በጓሮ ዞረው በፊት ለፊት ይመጣሉ፣ እንደገና ሊቆጠሩ ይሰለፋሉ። አንድ ቤት ውስጥ የጎረቤት ልጅ ቆጥሬ ወጥቼ፣ እናትየው እስከ መንገድ ድረስ ተከትላኝ «ያ ቀዩ የኔ አይደለም፣ አጥፊው» አለችኝ። ሰፈር ውስጥ የድንበር ጠብ ነበርና ሽማግሌ ተቀምጧል ተባልሁ፤ ሄጄ ሳይ «ሽማግሌው» ጢሙ ጥቁር፣ ገና አርባ ያልሞላው ሰው ነው። ከሱ የሚበልጥ ብዙም አልነበረም። ቢቸና ብወስደው ልጁ ብለው ውሻ ያስይዙት ነበር።

እናቴ ዘጠኝ ወልዳ ዘጠኛችንም በሕይወት አለን። ከኔ በታች ያሉት ወንድሞቼ ሦስቱ ጎጆ ወጥተዋል፣ ግን መሬቱ ቀድሞ ተደልድሎ አልቆ ለነሱ የሚደርስ ጠፍቷል። በሬ አለ፣ ጉልበት አለ፣ የሚታረስ የለም። ጠዋት ከቤት ሲወጡ እርፍ የሚይዝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እነሱን ሳይ የእማሆይ ሁለት ቃዳ ትዝ ይለኛል፤ የእማሆይን ቤት ሳስብ ደግሞ ይህ ሁሉ ጫጫታ። በአንዱ አገር የሞላው በሌላው ጎደለ፤ በሁለቱ መካከል አንድ ቀን የማይሞላ የአውቶቡስ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለእናቴ ነገርኋት።

እናቴ ስለ እማሆይ ሳወራ ፊቷን አጥቁራ ነው የምትሰማኝ። «አሁን ያች መነኩሲት ከኔ የተሻለ ወጥ ትሠራለች?» አለች።

«ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ሰው ምን ወጥ ይሠራሉ እማዬ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ከስተሻል።»

ከዚያ የዝውውሬን ነገር አነሣች። ወደ ሞጣ ለመዛወር ማመልከት ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ ሞጣ ያለው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተፈቅዶልሻል፣ ደብዳቤው ወደ ቢቸና ሄዷል ብሎ ለአባቴ ነግሮት ኖሯል። «ጡቴን የጠባሽው እዚህ፣ የምትጦሪው እዚያ ሊሆን ነበር?» አለች እናቴ። እየቀለደች ነበር፣ ግን ዓይኗ አልቀለደም።

ቢቸና ስመለስ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጀምሯል። ደብዳቤዬን ከትምህርት ቤት ተቀበልሁ፤ ለመስከረም ሞጣ እንድገባ ይላል። ለእማሆይ እንዴት እንደምነግራቸው ግራ ስለገባኝ ፍራሼ ሥር ሸሸግሁት። ከዚያ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ወደ ጓሮ ዞር ስል መሬቱን አየሁት። ግራና ቀኝ ያለው የባልቴቶች ማሳ ሁለተኛ ታርሶ ጥቁር አፈሩ ተገልብጧል። የእማሆይ ሁለት ቃዳ ሣር አብቅሏል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁ።

«ጦም ነዋ» አሉ እማሆይ ወደ ማሳው ሳያዩ። «ጦሙንስ እኔ ለምጄዋለሁ፤ መሬቱ ምን ኃጢአት ሠርቶ እንደሚጦም ነው ያልገባኝ።»

ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። ሊቀመንበሩ ከዝርዝሩ ሰርዟቸዋል። ጠርቶ «ልጅ አለዎት አሉ፣ ደመወዝ ያላት» ብሏቸዋል። በዚያች ቆሎ በበላባት ቀን የሰማውን ነው።

«ታዲያ እርስዎ ምን አሉት?»

«ምን ልበል?»

«የለኝም አይሉትም?»

«በዚህ ዕድሜዬ አንድ ልጅ ቢጽፉልኝ፣ የለኝም ልበል?» አሉ።

ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ስሄድ መንገዱን አላየሁትም። «ቆጠራው ምስጢር ነው፣ ለሌላ ነገር አይውልም ተብሏል!» ብዬ ጮህሁበት።

«ምስጢር ከሆነ ለምን ጮክ ብለሽ አነበብሽው?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጭ በይ ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። «አስተማሪዋ፣ የሚታረስለት ከሚያርሰው በዛ። እኔ ራሴ ወገቤን እየያዝሁ ነው የማርስ። ልጅ ያለውን ሁሉ አውጥቼ እንኳ አላዳረስሁም።»

«ወንድሞቼን ከሞጣ ላምጣ። ሦስት ናቸው፣ ሥራ ፈት ናቸው።»

«የሌላ ማኅበር ገበሬ እዚህ እርፍ አይጨብጥም፤ ሕግ ነው።» ትንሽ አሰበና «አንድ ነገር ይሻላል» አለ። «እሁድ ጉባኤ አለ። እዚያ ተነሥተሽ ልጃቸው አይደለሁም በይ፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ወደ ዝርዝሩ ይመለሳሉ። በሁለት ቀን ውስጥ እናርሰዋለን። ከዚያ ካለፈ ግን መሬቱን የሚጠይቅ አለ።»

ነገሩ ቀላል ነው፤ እውነቱንም መናገር ነው። አልወለዱኝማ። ማታ ለእማሆይ ነገርኋቸው። «አይክፋዎት፣ ለመሬቱ ስል ነው» አልሁ። «እንዳልሽ» አሉ። ያን ሳምንት የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሲያነቡ አልሰማኋቸውም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ተሰበሰበ። ሣሩ ላይ ነጭ በነጭ ሆኖ የተቀመጠው ሕዝብ ጋቢውም ጠጉሩም አንድ ነው። እማሆይ ከፊት፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ስለ ማዳበሪያ ተወራ፣ ስለ መዋጮ ተወራ፣ ከዚያ ሊቀመንበሩ ስሜን ጠራ።

«አስተማሪዋ፣ የእማሆይ ልጅ ነሽ አይደለሽም? ለጉባኤው ተናገሪ።»

ተነሣሁ። «አይደለሁም» የሚለውን ቃል ከቤት ጀምሮ ስለማመደው መጥቻለሁ። እማሆይ አላዩኝም፤ ዓይናቸው ሣሩ ላይ ነው፣ ልክ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገዋል። እንዲያ ሆነው ሳያቸው አፌ ታዘዘልኝ? አልታዘዘልኝም።

«ነኝ» አልሁ።

ሊቀመንበሩ አቀረቀረ። «እንግዲህ ነኝ ካልሽ...» ብሎ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ሞኝነቴ ወዲያው ገብቶኛል፤ በአንዲት ቃል የእማሆይን መሬት አሳልፌ ሰጠሁባቸው። ግን ቃሌን መልሼ መዋጥ አልቻልሁም።

እማሆይ ያኔ ምርኩዛቸውን ተክለው ተነሡ።

«አይደለችም» አሉ። ያ ወፍራም ድምፅ እስከ አጥሩ ተሰማ። «አልወለድኋትም። ልጅ የለኝም። የዚች ልጅ እናት ሞጣ ናት፣ በሕይወትም አለች። ጻፍ ጸሐፊ፣ ምን ታየኛለህ፣ ጧሪ የላትም ብለህ ጻፍ።» ብለው ተቀመጡ።

ጸሐፊው ጻፈ። እኔ ከግቢው ወጥቼ ብቻዬን ወደ ቤት ሄድሁ። እንዲያ ተናድጄ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ከንዴቱ ይልቅ ማዘኔ ይብሳል። እማሆይ ቀስ እያሉ ደርሰው ደፉን ሲረግጡ «በሕዝብ ፊት ካዱኝ!» አልኋቸው።

«ካድሁሽ» አሉ።

«እኔ ነኝ አልሁ እኮ! መሬቱም ይቅር ብዬ፣ ራሴ ልጦርዎት ብዬ ነኝ አልሁ!»

ወደ አልጋዬ ሄዱና ከፍራሹ ሥር ደብዳቤውን አወጡት። ፍራሽ ሊያሰጡ ሲያነሡ ያገኙት ኖሯል። «ማንበብ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ ሞጣ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ጠርታሻለች። እናት በቁሟ እያለች ልጇን ልውሰድባት? እኔ መነኩሴ ነኝ ልጄ፣ ስርቆት አልችልም።»

አልቅሼ አላባራሁም። እሳቸው አላለቀሱም፤ «በይ ይበቃል፣ እሁድ ነው» ብለው ሽሮውን ጣዱ።

ማክሰኞ ሊቀመንበሩና ሌሎች ሁለት «ልጆች»፣ ጢማቸው የነጣ፣ ጥማዳቸውን እየነዱ መጡና ማሳውን ገለበጡት። ምሳቸውን ያደረስሁላቸው እኔ ነኝ። አንደኛው በየትልሙ ጫፍ እየቆመ ወገቡን ይዞ ይተነፍስ ነበር፤ የወንድሞቼ ኪሳቸው ውስጥ ያለው እጅ ትዝ አለኝ። ለመስከረም ሞጣ ገባሁ።

ለእናቴ የጉባኤውን ነገር ነገርኋት። ፈትሏን አቁማ ሰማችኝ። ያን ዓመት ለራሷ ያሰበችውን ጋቢ ጨርሳ «ለመነኩሲትሽ ውሰጂላቸው፣ ብርድ አይችሉም» ብላ ሰጠችኝ። ለፋሲካ ሄድሁ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሄድሁ። እማሆይ ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር፤ ፊደሉ የበቆሎ ፍሬ ያህላል፣ አንድ ገጽ ላይ አራት መስመር ብቻ ይይዛል። «ጤፉ ደህና ነው። ጉልበቴ ደህና አይደለም። ታንኮራፊያለሽ ወይ?» ይላል። ሦስተኛውን ዓመት እሄዳለሁ እያልሁ ፈተና ማረም፣ ስብሰባ፣ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ያዘኝ። አልሄድሁም። ለዚህ ምክንያት ደርድሬ ራሴን ላታልል አልፈልግም፤ መሄድ እችል ነበር።

በዚያ ዓመት ሞቱ። እኔ አልነበርሁም። ሊቀመንበሩ ኋላ እንደነገረኝ፣ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችው አጭር ዳገት ቀትር ድረስ ፈጀች። ቃሬዛውን የሚሸከሙት ሰዎች ራሳቸው ደጋፊ የሚያሻቸው ሽማግሎች ናቸው፤ ጥቂት ይሄዳሉ፣ ያሳርፋሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ያነሣሉ። በሰባተኛው ማረፊያ አንዱ ሽማግሌ «እማሆይ ሲኖሩም ቶሎ ሄደው አያውቁም» ብለው አሳቋቸው አለኝ። ሞጣ ቢሆን ቃሬዛ ልያዝ ብሎ የሚጋፋ ጎረምሳ መንገዱን ይዘጋው ነበር። ሦስት ወንድሞች አሉኝ፤ ያን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ያወጧቸው ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ወጣሁ። የሰፈራችን ሽማግሎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው በአውቶቡስ አቧራ የነጣ የቢቸናው ሊቀመንበር አለ። በኛ አገር በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለመርዶ ነው፤ መርዶ ደግሞ የሚረዳው የሥጋ ዘመድ ነው። ልጃቸው አይደለችም ሲባል ጉባኤው ሁሉ ሰምቷል፣ ጸሐፊውም ጽፏል። ያ ጉባኤ ነው አዋጥቶ የላከው።

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አይዞሽ» አለኝ። «እናትሽ ዐረፉ።»

እናቴ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆማለች። የሞጣ ሽማግሎች እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጠቀች፣ እኔን አልፋ ወደ ግቢው መካከል ወጣች፣ ደረቷን መታች።

«የልጄን እናት!» ብላ ጮኸች።